የቤቱ ባለቤት ማን ነው? ህንድ ሄዶ ቤተ መቅደስ ለሚጋበዝ የጅማ ሰው

ጅማ ውስጥ ለሕክምና ህንድ ሊሄድ ያሰበ ሰው አንድ ቀን ሄርማታ ያለችው የስፌት ሱቄ መምጣቱ አይቀርም። አባቴን ለማሳከም ይዤ ደቡብ ህንድ ቼናይ ከተማ ስለከረምኩ ሰው እንደ ኤምባሲ ነው የሚያየኝ። መጀመሪያ ስለ ቪዛ ይጠይቁኛል። ከዚያ ስለ ዶላር። ከዚያ በርበሬ ይዘን እንሂድ ወይ ይላሉ። (ያዙ። የእነሱም ምግብ ያቃጥላል፣ የበርበሬን አምሮት ግን አያወጣም።) ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

"እዚያ... ጣዖት ቤት ግቢ ቢሉኝስ?"

ይሏችኋል። አከራያችሁም፣ ነርሷም፣ ባጃጅ ነጂውም ለታመመባችሁ ሰው መጸለይ ይፈልጋሉ። ለመጸለይ ሲነሱ ደግሞ "ነይ አብረን እንሂድ" ማለታቸው አይቀርም። ለእያንዳንዱ ሰው ከምደግም የማውቀውን እዚህ ልጻፈው።

ጣዖት የሚለውን ቃል ጅማ ትታችሁ ሂዱ። አማርኛ የሚሰማ የለም ብላችሁም አትተማመኑ። ድሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ያስተማሩ የህንድ መምህራን ብዙ ናቸው። አባቴን ሂሳብ ያስተማሩት አንዱ ነበሩ።

የሕሊናውንም ነገር ከአሁኑ ጨርሱት። ግቡ አትግቡ ማለት የኔ ሥራ አይደለም። ኦርቶዶክስ የሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን፣ ሙስሊም የሆናችሁ ሼኻችሁን፣ ፕሮቴስታንት የሆናችሁ ፓስተራችሁን ጠይቁ። እኔ ግቢው ድረስ እገባለሁ፣ አልሰግድም፣ የቀረበውንም ምግብ አልበላም ብዬ ወስኜ ነው የሄድኩት። ለአከራያችን ገና ቤት ሳለን ነገርኳት። አልተቀየመችኝም። የሚያስቀይመው እዚያ ደርሶ ፊት ማጨፍገግና የተሰጣችሁን መሬት ላይ መጣል ነው። የማትበሉ ከሆነ በቀኝ እጃችሁ ተቀበሉና አጠገባችሁ ላለ ሰው ስጡ። ጾም ላይ ከሆናችሁ "ቪራደም" በሉ፤ በታሚልኛ ጾም ማለት ነው። ማንም አያስገድዳችሁም።

አከራያችን ማይላፖር በሚባለው ሰፈር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሰፈሩ ሁሉ አማ ይላታል። እናት ማለት ነው፣ እኛ እማ ከምንለው ብዙም አይርቅም። አባቴ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምርመራ ላይ እያለ አንድ ማታ፣ "ቤተ መቅደስ ስገባ ሕጉ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። "የማን ቤት ስትገቢ?" አለችኝ።

አልገባኝም ነበር። አሁን ግን ለመጣብኝ ሰው ሁሉ የምነግረው ይህንኑ ነው። የሂንዱ ቤተ መቅደስን እንደ ስብሰባ አዳራሽ አትዩት። ቤት ነው፣ ባለቤት አለው። ድንጋዩ ተጠርቦ ሲያልቅ ገና ድንጋይ ነው። ከዚያ እስትንፋስ የማስገባት ሥርዓት ይደረግለታል፤ ፕራና ፕራቲሽታ ይሉታል። ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ነው የሚያዙት። ጠዋት በዝማሬ ይቀሰቅሱታል። ያጥቡታል፣ ያለብሱታል፣ ያበሉታል። ቀን ያርፋል፣ ማታ ያስተኙታል። እኔ ይህን ሳላውቅ በኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ላይ ሄጄ የተዘጋ በር አፍጥጦ ጠበቀኝ። የአማ ሰፈር ቤተ መቅደስ ከ6 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ 10 ሰዓት ዝግ ነው። ብዙዎቹም እንደዚያው ናቸው። ባለቤቱ ምሳ በልቶ ጋደም ሲል ማን ያንኳኳል?

የህንድ ሕግም ይህንን ይቀበላል። የቤተ መቅደስ አምላክ በሕግ ፊት ሰውነት አለው። ንብረት ይይዛል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። እንደ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ስለሚቆጠር ሞግዚት ይቆምለታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሂንዱዎችና ሙስሊሞች የሚከራከሩበትን የአዮድያን ቦታ ጉዳይ ሲወስን ከተከራካሪዎቹ አንዱ አምላኩ ሕፃኑ ራማ ራሱ ነበር። ቦታውም ለእሱ ተፈረደ።

እንግዲህ ባለቤት ካለ ጠባይ አለ። አባቴ ጉልበት እያለው ቡና ለመሰብሰብ ወደ አጋሮ ሲወጣ በልጅነቴ ይወስደኝ ነበር። አንዱ ቤት ጫማ ይወልቃል። አንዱ ቤት ሽማግሌው ሳይመርቁ አፍ አይከፈትም። አንዱ ቤት ስለ ዋጋ የሚነሳው ሦስተኛው ቡና ከተጠጣ በኋላ ነው። አባቴ ደጅ ላይ ጎንበስ ብሎ "እኚህ ሰውዬ እንዲህ ናቸው" ይለኛል። አማም ያደረገችልኝ ይህንኑ ነው።

ማይላፖር ያለው ካፓሊሽዋራር የሺቫ ቤት ነው። ሺቫ መናኝ ነው፤ አመድ ይቀባል፣ አስከሬን በሚቃጠልበት ሜዳ ይውላል። ዓለምን ሊያጠፋ የነበረ መርዝ ጠጥቶ ጉሮሮው ሰማያዊ ሆኗል ይባላል። የሚያቃጥለው ነገር አለበት ማለት ነው። ስለዚህ እሱን የሚያስደስተው ማቀዝቀዝ ነው። ውኃ፣ ወተት፣ ሦስት ሦስት እየሆነ የሚወጣ የቤል ዛፍ ቅጠል። በብዙ ቦታ ራሱ ላይ ጠብ ጠብ የሚል እንስራ ይሰቀልለታል። ቪሽኑ ግን ንጉሥ ነው። ሐር፣ ወርቅ፣ አበባ፣ ሽቶ ይወዳል። ቅጠሉም ቱልሲ ነው፣ የኛ የበሶብላ ዘመድ። ሺቫ መታጠብ ይወዳል፣ ቪሽኑ መልበስ ይወዳል የሚል የቆየ አባባል አላቸው።

ከማን ቤት እንደወጣችሁ በተሰጣችሁ ነገር ታውቁታላችሁ። አመድ ከሰጧችሁ ሺቫ ቤት ወይም ልጁ ሙሩጋን ቤት ነበራችሁ። የቱልሲ ውኃ መዳፋችሁ ላይ አፍስሰው ራሳችሁ ላይ እንደ አክሊል ያለ ነገር ደፍተው ካነሱ ቪሽኑ ነው። ቀይ ዱቄት ከሆነ ባለቤቲቱ ሴት ናት።

ሺቫ ቤት ሁለት ነገር አትርሱ። ፊት ለፊቱ የተኛ በሬ አለ፣ ናንዲ ይባላል። ዓይኑን ከጌታው ላይ አያነሳም። በሁለቱ መካከል አታቋርጡ፤ ሁለት ሰው ሲያወራ መሃል እንደመግባት ነው። ዞር ስትሉ ደግሞ ጥግ ላይ አንድ የቤቱ ጠባቂ ተቀምጧል። ሰዎች ፊቱ ቆመው ቀስ ብለው ያጨበጭባሉ። "እጄ ባዶ ነው፣ ከጌታህ ቤት ይዤ የወጣሁት የለም" ማለታቸው ነው። ይቺን በጣም ወደድኳት። ከሱቄ የሚወጡ አንዳንድ ደንበኞችም ባጨበጨቡ እላለሁ።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። አንድ ስም ያለው ባለቤት በየቤቱ ጠባዩ ይለያያል። ይህ ለኛ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። ገብርኤል በየከተማው አለ፤ የቁልቢ ስለት ያለበት ሰው ግን ቁልቢ ካልሄደ እንቅልፍ አይወስደውም።

ክሪሽናን ውሰዱ፤ ቪሽኑ ሰው ሆኖ ተወለደ ሲሉ እሱን ነው። ሰሜን ህንድ ቭሪንዳቫን ውስጥ ባንኬ ቢሃሪ በሚባለው ቤት ልጅ ነው። የተሞላቀቀ ልጅ። ስለዚህ ደወል አይደወልም፣ ይደነግጣል። የማለዳ ጸሎት የለም፣ ማታ ሲጫወት አምሽቶ ስለሚደክም እንዲተኛ ይተዉታል፤ በዓመት አንዴ ብቻ፣ በልደቱ ቀን ይቀሰቅሱታል። ፊቱ ያለው መጋረጃ በየአፍታው ይዘጋል፣ ይከፈታል። ሰው አፍጥጦ ካየው ልቡ ተነክቶ ተከትሎት እንዳይሄድ ነው ይላሉ። ቼናይ ትሪፕሊኬን ሰፈር ያለው ፓርታሳራቲ ግን ያው ክሪሽና ሆኖ ባለ ሪዝ ጎልማሳ ነው። የጦር ሠረገላ ነጂ ነው። በበዓል ቀን የሚወጣው ምስሉ ፊት ላይ የቀስት ጠባሳ አለ። እዚህ እሹሩሩ አያስፈልግም።

ሙሩጋን ደግሞ ቼናይ ባለችበት ግዛት በታሚል ናዱ 6 ዋና ቤቶች አሉት፣ በስድስቱም ሌላ ሰው ነው። ቲሩፓራንኩንድራም ሙሽራ ነው፤ ጋብቻ ያሰበ ወደዚያ ይሄዳል። ቲሩቼንዱር ባሕር ዳር ጠላቱን ድል የነሳ ጦረኛ ነው። ስዋሚማላይ ለገዛ አባቱ አስተማሪ ሆኖ ተቀምጧል። ፓላኒ ላይ ያኮረፈ ልጅ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ወላጆቹ ዓለምን ቀድሞ ለዞረ ፍሬ እንሰጣለን አሉ። እሱ ፒኮኩን ጭኖ በረረ። ወንድሙ ጋኔሻ እናትና አባቱን ዞሮ "ዓለሜ እናንተ ናችሁ" አለና ፍሬውን ወሰደ። ሙሩጋን ተናዶ ልብሱን ጥሎ በሽርጥና በበትር ተራራ ላይ ወጣ። ስለዚህ ፓላኒ የሚሄድ ሰው ተራራውን ይወጣል፣ ፀጉሩን ይላጫል። ለልጁ የሚቀርብለት ከሙዝ፣ ከማር፣ ከቅቤና ከቴምር የተሠራ ጣፋጭ ነው። ያኮረፈ ልጅ በምን ይታረቃል ታዲያ።

ስለ ጋኔሻ ብዙ አልልም፤ የዝሆን ራስ ያለው፣ በር ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። መጀመሪያ እሱ ሰላም ይባላል። ፊቱ ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን አጣምረው ጆሯቸውን ይዘው ቁጭ ብድግ ሲሉ ብታዩ አትሳቁ። እኔ ስቄያለሁ። አራተኛ ክፍል አርፍጄ የተቀጣሁት ትዝ ብሎኝ ነው።

ከሁሉም አንጀቴን የበላው ግን የፑሪው ነው። ኦዲሻ የሚባል ግዛት ነው፣ አልሄድኩም። ቢሄዱም ሂንዱ ያልሆነ ሰው አያስገቡም። የሰማሁት አባቴ አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በገባ ዕለት ማታ ነው። በር ላይ ያለው ጥበቃ የጠያቂ ሰዓት አልቋል ብሎ መልሶኝ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አማ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ከዚያ ስለ ፑሪው ቤት ባለቤት ስለ ጃጋናት ትነግረኝ ጀመር። በበጋ አንድ ቀን ሙሉ ጨረቃ ላይ፣ በ108 እንስራ ውኃ ያጥቡታል። ከወንድሙና ከእህቱ ጋር ነው። ከዚያ ይታመማል። ትኩሳት ይይዘዋል። 15 ቀን ገደማ በሩ ይዘጋል፣ ማንም አያየውም። ትልልቁ ድግስ ይቀራል። ፍራፍሬና የሥራ ሥር መድኃኒት ብቻ ይሰጡታል። የሚያስታምሙት ሥራቸው ከጥንት ጀምሮ ይኸው የሆነ ሰዎች ናቸው። ሲሻለው በትልቅ የእንጨት ሠረገላ አውጥተው ያናፍሱታል።

"አምላክም ሲታመም ጠያቂ አይገባም" አለችኝ። በአባቴ በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ከዚያ በኋላ አልተሳደብኩም።

ሠረገላው ወጥቶ ሲመለስም ጣጣው አላለቀም። ሚስቱን ላክሽሚን ጥሏት ስለሄደ በሩን ትዘጋበታለች። ራሶጎላ የሚባል ጣፋጭ ይዞ ነው ደጅ የሚጠናት። ይህን ያወራሁላቸው የጅማ ሴቶች ሁሉ ወዲያው ገብቷቸዋል።

ሴት ባለቤት ያለችበት ቤት ስትገቡ ደግሞ አየሩ ይለወጣል። ማዱራይ ያለችው ሚናክሺ ንግሥት ናት። መጀመሪያ እጅ የሚነሳው ለእሷ ነው፣ ባሏ ሺቫ ቀጥሎ ይመጣል። ማታ ማታም እሱ ነው በቃሬዛ ተይዞ ወደ እሷ መኝታ የሚሄደው። ማሪያማን ግን የሰፈር እናት ናት። ዝናብም፣ ፈንጣጣና ትኩሳትም በእጇ ነው ይላሉ። ለክትትል ሐምሌ መጨረሻ ላይ ስንመለስ የእሷ ወር ነበር። መንገድ ላይ በትልቅ ድስት አጥሚት የመሰለ ነገር ለአላፊ አግዳሚው ይቀዳል። ቀምሼ ሳይሆን አይቼ ነው ያወቅኩት፣ የዳጉሳ ነው! ሙቀት የሚያበርድ ምግብ፣ ሙቀት ለያዛት እናት። ደጇ ላይ የኒም ቅጠል ይታሰራል።

ሴቶች፣ የወር አበባ ላይ ከሆናችሁ በአብዛኛው ቤተ መቅደስ መግባት ነውር ነው። ለኛም አዲስ አይደለም። ግን እዚህም ላይ ባለቤቱ ይለያል። አሳም ውስጥ ካማክያ የምትባለው በዓመት አንዴ፣ ሰኔ ላይ፣ ራሷ የወር አበባ ታያለች ተብሎ ይታመናል። ቤቷ 3 ቀን ይዘጋል፣ ከዚያ በትልቅ በዓል ይከፈታል።

ኅዳር ላይ የአማ ታናሽ ወንድም መጣ። ጥቁር ለብሷል፣ ባዶ እግሩን ነው፣ ጺሙን አልተላጨም። የሞተበት ሰው አለ ብዬ "ነፍስ ይማር" ልል ነበር። ለካ ኬራላ ወዳለው ሳባሪማላ ሊሄድ ነው። የዚያ ቤት ባለቤት አያፓ ፍጹም ድንግል ነው፣ መናኝ ነው። ወደ እሱ የሚሄድ ሰው 41 ቀን እንደ እሱ ይኖራል። ሥጋ የለም፣ መጠጥ የለም፣ ከሚስት ጋር መተኛት የለም። በእነዚያ ቀናት ሰው ሁሉ "ስዋሚ" ይለዋል፤ ጌታዬ እንደማለት ነው። ሁለት ኪስ ያለው ጥቅል በራሱ ተሸክሞ 18ቱን ደረጃ ይወጣል። በጥቅሉ ውስጥ በቅቤ የተሞላ ኮኮናት አለ። ከ10 እስከ 50 ዓመት ያሉ ሴቶች አይገቡም ነበር፤ ምክንያቱም የባለቤቱ ምንኩስና ነው ይባላል። ደብረ ዳሞን የሚያውቅ ሰው ሐሳቡ አይጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልከላውን ሽሮታል። በ2019 ደግሞ ጉዳዩ ለሰፊ ችሎት ተመራ። ስለዚህ ጉዳይ ባጃጅ ውስጥ አስተያየት አትስጡ። እኔ ሰጥቼ ከታሰበው ቦታ ቀድሜ ወርጃለሁ።

አንድ ነገር ግን ጎረቤቴን ሐጂን ደስ ስላሰኛቸው ልጨምር። ወደ ሳባሪማላ የሚሄዱት ኤሩሜሊ ከተማ ሲደርሱ መስጊድ ጎራ ይላሉ። ቫቫር የሚባል ሙስሊም የአያፓ ጓደኛ ነበር ብለው ስለሚያምኑ እሱን ሰላም ሳይሉ አያልፉም። ሐጂ "እንደ ጅማ ነዋ" አሉ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ጫማ ደጅ ላይ ይቀራል። የቆዳ ቦርሳና ቀበቶ ቤት ተዉ። ነጠላና ረጅም ቀሚስ የትም ያስገባችኋል። የምትዞሩት ባለቤቱን በቀኛችሁ አድርጋችሁ ነው። ግራ እጅ እንደ ኛ ገበታ፣ አይዘረጋም። ስልክ ይዛችሁ አትሂዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታሚል ናዱ ቤተ መቅደሶች ስልክ እንዳይገባ አዟል። "ሂንዱ ያልሆነ ከዚህ አያልፍም" የሚል ጽሑፍ ካያችሁ እዚያው ቁሙ። ቲሩፓቲ በሚባለው ተራራ ላይ ባለ የቪሽኑ ቤት ሂንዱ ያልሆነ ሰው በባለቤቱ አምናለሁ ብሎ ፎርም ይፈርማል። እኔ ለመጎብኘት ብዬ እንዲህ ያለ ነገር አልፈርምም፤ ከተራራው ሥር ሻይ ጠጥቼ ተመልሻለሁ።

አበባ ከገዛችሁ አታሽትቱት። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። አባቴ ከአይሲዩ በወጣ ማግስት ለአማ የጃስሚን ጉንጉን ገዛሁላት፣ ወደ ቤተ መቅደስ እንድትወስደው። መንገድ ላይ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ሳብኩት። እንዴት ያለ ሽታ ነው! አማ ቀና ብላ አየችኝና ጉንጉኑን ለራሷ ፀጉር አደረገችው። ሌላ ገዛች። መዓዛው መጀመሪያ የባለቤቱ ነው፣ ሰው ቀድሞ ካሸተተው የተበላ ምግብ እንደማቅረብ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አንድ ቤት ብቻ ነው ይህ ጥፋት ያልሆነው" አለችኝ እየሳቀች። ስሪቪሊፑቱር የምትባል ከተማ አለች። አባትየው ለቪሽኑ በየቀኑ ጉንጉን ይሠራል። ልጁ አንዳል ደግሞ እሱ ሳያይ መጀመሪያ ራሷ አድርጋው መልኳን ታያለች። አባትየው ሲደርስባት ተናደደ፣ አዲስ ሠርቶ ወሰደ። ባለቤቱ ግን እሷ የለበሰችውን ነው የምፈልገው አለ። እስከ ዛሬ በዓመት በዓል አንዳል የለበሰችው ጉንጉን ወደ ቲሩፓቲ ይላካል።

በሁለተኛው ጉዞ ከጅማ ቡና ቆልቼ ይዤላት ሄድኩ። እናንተም ያዙ፣ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። አማ ቤቷ ውስጥ በትንሽ ቁም ሳጥን የተደረደሩ የአማልክት ሥዕሎች አሏት። አዲስ ነገር ሲገባ ሳይከፈት መጀመሪያ እዚያ ይቀርባል። ቡናውን ተቀብላ ወደዚያ ልትሄድ ስትል ዞር አለች።

"አሽትተሽዋል?"

"አማ፣ ጅማ ቡና ተቆልቶ ሳይሸተት አይታሸግም" አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሺቫን አለፈችው፣ ጋኔሻንም አለፈችው፣ አንዳል ፊት አስቀመጠችው።